የጎረቤት ውሻ ሌሊቱን ሲጮኽ፦ ከአጥር ንግግር እስከ ፍርድ ቤት

ከአዲስ አበባ መሀል ወጣ ብሎ ቤት የሠራ ሰው አጥሩን አጥሮ በሩን ከሰቀለ በኋላ ቀጥሎ የሚያመጣው ውሻ ነው። የካ አባዶ፣ አያት ጫፍ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ከጀሞ ወዲያ ያሉት ሰፈሮች የመንገድ መብራት የሳሳባቸው፣ ጅምር ቤት የበዛባቸው፣ ሌሊት ጅብ የሚያልፍባቸው ስለሆኑ ውሻው ሥራ አለው። ስለዚህ ውሻ መያዝ ጥፋት አይደለም፤ ሰው በበር ሲያልፍ መጮኹም ጥፋት አይደለም። ሕጉ የሚጠይቀው፣ ጩኸቱ ጎረቤት ከጎረቤቱ ሊችለው ከሚገባው በላይ ሆኗል ወይ ብሎ ነው።

ይህን ጥያቄ የሚመልሰው በወረቀት ላይ የሰፈረ ሰዓት ነው። አቤት ባዩ «ሌሊቱን ሙሉ ይጮኻል፣ እንቅልፍ አሳጣን» ከማለት ያለፈ የሚያሳየው ከሌለው ወረዳም ሄደ ፍርድ ቤት፣ የውሻው ባለቤት «እኔ ግቢ ውስጥ ተኝቼ አልሰማሁም» ሲል ነገሩ እዚያው ይቆማል።

ሕጉ የት ተጻፈ

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ውሻ ጩኸት ለብቻው አይናገርም። ዋናው መነሻ ቁጥር 1225 ነው። ባለንብረት ጎረቤቱን እንዳያውክና እንዳይጎዳ ይከለክላል፤ ጭስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ፣ ድምፅና ንዝረት ከመልካም ጉርብትና ወሰን ማለፍ የለባቸውም ይላል። የዚሁ ቁጥር የመጨረሻው ንዑስ ክፍል ግን ብዙ ሰው ሳያነበው የሚያልፈው ነው፦ ወሰኑ ሲመዘን የአካባቢው ልማድ፣ የቦታው አቀማመጥና የመሬቱ ጠባይ ይታያሉ። ቦሌ ውስጥ አፓርታማ ላይ ከመጠን ያለፈ የሚባለው ጩኸት፣ ሜዳ ጥግ ላይ በተሠራ የዳርቻ ቤት እንደ ተለመደ ነገር ሊቆጠር ይችላል ማለት ነው። «ውሻ አለው፣ ይጮኻል» የሚል ክስ በዚህች ንዑስ ክፍል ላይ ይሰበራል። «በ14 ሌሊት ውስጥ 11ዱን፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት፣ ማንም ሳያልፍ» የሚለውን ግን ልማድ አይሸፍነውም። ሦስት ሰዓት ሳያቋርጥ የሚጮኽ ውሻ ለጠባቂነትም አይሆንም፤ ሌባ ሲመጣ የሚጮኸው ከሌላው ጊዜ ካልተለየ ባለቤቱም ተነሥቶ ማየቱን ይተወዋል። ይህን ነጥብ በአቤቱታ ውስጥ ማንሣት ጠቃሚ ነው፣ ተከሳሹ መጀመሪያ የሚያነሣው መከላከያ ጥበቃ ስለሆነ።

ቁጥር 1149 ደግሞ ለባለይዞታ የተሰጠ ነው። በይዞታው ላይ ሁከት የተፈጠረበት ሰው ሁከቱ እንዲወገድለትና ካሳ እንዲከፈለው መጠየቅ ይችላል፤ በተለምዶ «ሁከት ይወገድልኝ» የሚባለው ክስ መነሻው ይኸው ቁጥር ነው። ሁከቱ ከተፈጠረ 2 ዓመት ካለፈው መብቱ ይቀራል። በእነዚህ የዳርቻ ሰፈሮች ተከራይም ስላለ ልብ በሉት፦ ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ይዞታ ነውና ካርታ በስሜ የለም ብላችሁ ከመነሻው ተስፋ አትቁረጡ። ሁከት ሲባል ግን ዳኞች ቶሎ የሚያስቡት አጥር መግፋትንና መሬት መያዝን ስለሆነ፣ ለድምፅ ጉዳይ 1149ን ብቻውን ከማቅረብ ከ1225 ጋር አጣምሮ ማቅረብ ይሻላል።

ውሻው ከጩኸት አልፎ ጉዳት ካደረሰ፣ ማለትም ሰው ከነከሰ ወይም ዶሮ ከጨረሰ፣ ነገሩ ይቀላል። በቁጥር 2071 የእንስሳው ባለቤት እንስሳው በድንገት አምልጦት ቢሆን እንኳ፣ ጉዳቱን አስቀድሞ መገመት ባይቻልም እንኳ፣ ኃላፊ ነው። ጥፋቱን ማስረዳት አያስፈልግም። የካሳ ጥያቄው በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፣ ቁጥር 2143።

በወንጀል ሕጉ፣ በአዋጅ ቁጥር 414/1996፣ የደንብ መተላለፍ በሚለው ክፍል ውስጥ የሌላውን ሰው ሥራና ዕረፍት ከመጠን ባለፈ ድምፅ ማወክ ያስቀጣል። ቅጣቱ ቀላል ነው። ድንጋጌው ሰው ራሱ ለሚያነሣው ሁካታ የበለጠ ስለሚስማማ፣ ለውሻ ጩኸት ዋና መንገድ ማድረጉን አልመክርም፤ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ማስመዝገቡ ግን በኋላ ማስረጃ ይሆናል።

የቀረው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ነው። በአገሪቱ የድምፅ ደረጃ መሠረት በመኖሪያ አካባቢ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት 55 ዴሲቤል፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት 45 ዴሲቤል ጣሪያ ተቀምጧል። ትልቅ ውሻ አንድ ሜትር ላይ 90 ዴሲቤል ቢጮኽ፣ ክፍት ቦታ ላይ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ድምፁ በ6 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል፤ 20 ሜትር ላይ ያለ መስኮት ጋ ሲደርስ 64 አካባቢ ነው። ቁጥሩ ከሌሊቱ ጣሪያ በላይ መሆኑ ግልጽ ነው። ያም ሆኖ አንድ ጊዜ የዘለለ ድምፅ ብቻውን ጉዳይ አይሆንም፤ መቀጠሉ ነው ጉዳዩ። በዚህ አዋጅ አንቀጽ 11 ማንም ሰው ጥቅሜ ተነክቷል ብሎ ማስረዳት ሳይኖርበት ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው፣ ወይም ውሳኔው ካላረካው፣ ውሳኔው ከተሰጠበት ወይም ጊዜው ካለፈበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ስለዚህ ማመልከቻውን ስታስገቡ ግልባጩ ላይ ቀንና ማኅተም አስደርጉ፤ 30 ቀኑ የሚቆጠረው ከዚያ ነው። የእነዚህ መሥሪያ ቤቶች ሠራተኞች የለመዱት የጭፈራ ቤትና የእንጨት ወይም የብረት ሥራ ቤት ድምፅ ስለሆነ፣ የአንድ ግቢ ውሻ ጉዳይ ይዞ የሚመጣ ሰው ሰዓት በሰዓት የተጻፈ ወረቀት ከሌለው ቶሎ አይሰማም።

ሁለት ሳምንት ጻፉ

ለማንም ከመናገራችሁ በፊት 14 ሌሊት መዝግቡ። ተራ ደብተር ይበቃል። የሚጻፈው ቀኑ፣ ጩኸቱ የጀመረበትና ያቆመበት ሰዓት፣ ሳያቋርጥ ነው ወይስ በየ10 ደቂቃው፣ ምን የቀሰቀሰው ይመስላል (ሰው፣ ጅብ፣ ሌላ ውሻ፣ ምንም)፣ ከእናንተ ሌላ ማን ሰማ የሚለው ነው። ዝም ያለበትን ሌሊትም «ዝም» ብላችሁ ጻፉ። ደብተሩን የሚያስከብረው ይህ ነው፤ 14 ሌሊት ሁሉ «ሲጮኽ አደረ» የሚል ደብተር ማንም አያምነውም። የበዓል ሌሊቶችን፣ ርችት ሲተኮስና ችቦ ሲበራ ያለውን፣ ለይታችሁ ምልክት አድርጉባቸው፤ ያን ቀን የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ይጮኻል።

ሰዓት ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ስሕተት አለ። ደብተሩ ላይ «ሌሊት 8:10» ይጻፋል፤ ስልኩ ግን ቪዲዮውን «02:10» ብሎ ነው የሚመዘግበው። ቀኑም በስልኩ ላይ በፈረንጅ ነው። ጠበቃ ወይም ተከሳሽ ይህን አይቶ «ሰዓቱ አይገጥምም» ካለ ማስረጃው ይደበዝዛል። ስለዚህ በደብተሩ በእያንዳንዱ መስመር ሁለቱንም ሰዓትና ሁለቱንም ቀን ጻፉ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ በፈረንጅ ቀን ይቀየራል፣ በእኛ አቆጣጠር ሌሊቱ ገና አልነጋም፤ ማክሰኞ ሌሊት 8 ሰዓት የተቀረጸው ስልኩ ላይ ረቡዕ ነው የሚሆነው።

ቀረጻው ረጅም መሆን የለበትም። ጩኸቱ ሲጀምር ሁለት ደቂቃ፣ መሀል ላይ ሁለት ደቂቃ፣ ሊያበቃ ሲል ሁለት ደቂቃ ይበቃል። መቅረጽ ስትጀምሩ ቀኑንና ሰዓቱን በድምፃችሁ ተናገሩ። ከመኝታ ቤት መስኮት አጠገብ ቅረጹ፣ ምክንያቱም ክሱ እናንተ የምትሰሙት ድምፅ ነው፤ አጥር ላይ ወጥቶ የሰው ግቢ መቅረጽ ሌላ ጠብ ያመጣል። ቴሌቪዥንና ራዲዮ ይጠፋ። ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ ምንም አይሰማምና ያን ሌሊት በደብተር ብቻ ያዙ። ቪዲዮውን በዋትሳፕ ወይም በቴሌግራም እንደ ተራ ቪዲዮ ብትልኩት ተጨምቆ፣ የተቀረጸበትን ጊዜ የሚያሳየው መረጃም ጠፍቶ ነው የሚደርሰው፤ የመጀመሪያውን ፋይል ስልኩ ላይ አታጥፉት፣ ግልባጩን ፍላሽ ላይ አስቀምጡ። ስልክ ላይ የሚጫኑት የዴሲቤል መለኪያዎች ያልተስተካከሉ ናቸው። ትላንትን ከዛሬ ለማነጻጸር ይረዳሉ እንጂ «64 አሳየኝ» ብሎ መከራከሪያ አይሆኑም።

ውሻውንም ለዩ። በዳርቻ ሰፈር አንዱ ሲጀምር አሥሩ ይመልሳል፤ ጀማሪው ብዙ ጊዜ የመንገድ ውሻ ነው። ከዚያ ግቢ በሌላ በኩል ያለውን ጎረቤት ጠይቁ፤ ከሁለት አቅጣጫ የሰሙ ምስክሮች የአንዱን ግቢ ውሻ በትክክል ያመለክታሉ። ከአንድ ቤት ከመጡ አምስት ምስክሮች ከሦስት ቤት የመጡ ሦስት ምስክሮች ይበልጣሉ። የራሳችሁ ውሻ ካለም ሁለት ሌሊት ቤት ውስጥ አሳድራችሁ ሞክሩ፤ የጎረቤት ውሻ ለእርሱ እየመለሰ ሊሆን ይችላል።

ንግግሩ

ከዚያ በኋላ ባለቤቱን አናግሩ። ሌሊት በር አታንኳኩ። ቅዳሜ ወይም እሑድ ከሰዓት፣ ሰው ተረጋግቶ ቡና በሚጠጣበት ሰዓት ነው የሚሻለው። «ጋሼ፣ ውሻው ከሌሊቱ 7 ሰዓት በኋላ አልቆም ብሏል፤ ምናልባት እርስዎ ጓዳ በኩል ስለሚተኙ አይሰማዎት ይሆናል» ብሎ መጀመር እውነትም አክብሮትም ነው። ውሻው ፊት ለፊት በር ላይ ታስሮ ባለቤቱ ከኋላ ስለሚተኛ አለመስማቱ የተለመደ ነው። ቀን ላይ የሚጮኽ ከሆነ ደግሞ ባለቤቱ ሥራ ላይ ነው፤ ጨርሶ አያውቀውም።

ደብተሩን ይዛችሁ ሂዱና መፍትሔውንም አብራችሁ አቅርቡ፣ ምክንያቱም አብዛኛው ጩኸት ምክንያት አለው። አንድ ሜትር ሰንሰለት ላይ ቀኑን የዋለ ውሻ ሌሊት ጉልበቱን በጩኸት ያወጣል። በቆርቆሮ በር ሥር ባለው ክፍተት የሚያልፈውን እግር ሁሉ የሚያይ ውሻም እንዲሁ። ክፍተቱን በጣውላ መዝጋት፣ የውሻውን ቤት ከጎረቤት መኝታ ቤት ግድግዳ አርቆ ወደ ውስጥ ማዞር፣ ሰንሰለቱን ከግድግዳ ግድግዳ በተወጠረ 6 ወይም 8 ሜትር ሽቦ ላይ በቀለበት እንዲንሸራተት ማድረግ፣ እራቱን ከመኝታ በፊት መስጠትና ውሃ አለማሳጣት ብዙ ወጪ የላቸውም። አጥር ጥግ የሚጣል አጥንትና ትራፊ ምግብ የመንገድ ውሻና ጅብ ይጠራል፤ እርሱን ማንሣት ብቻውን ሌሊቱን የሚለውጥበት ጊዜ አለ። ሁሉንም በአንድ ቀን አትሞክሩ። በሳምንት አንድ ነገር ብቻ ተለውጦ ደብተሩ ላይ ውጤቱ ይታይ፤ አለዚያ የትኛው እንደ ሠራ አይታወቅም።

ከተስማማችሁ ስምምነቱን ጻፉት። በሽምግልናም ይሁን በእድር ሰብሳቢ ፊት የተደረገ የቃል ስምምነት፣ ሦስት ወር ቆይቶ «እንዲህ አላልኩም» ሲባል የሚይዘው የለም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ከቁጥር 3307 ጀምሮ የተጻፈው የግልግል ስምምነት በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ይቆጠራል፣ ቁጥር 3312። ወረቀቱ በሁለቱም ወገን ተፈርሞ ሁለት ምስክሮች እንዲፈርሙበት ቁጥር 1727ን ተከተሉ። ይዘቱ የሚለካ ይሁን፦ «ውሻው ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት ከምሥራቁ አጥር ቢያንስ 10 ሜትር ርቆ ያድራል»። «ውሻውን ሥርዓት አስይዛለሁ» የሚል ቃል የሚፈጸምም የሚጣስም አይደለም።

ኮንዶሚኒየም ላይ ያላችሁ ከዚህ ቀድሞ የብሎኩን የቤት ባለቤቶች ማኅበር መተዳደሪያ ደንብ እዩ። ማኅበራቱ በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የሚቋቋሙ ናቸው፤ በጋራ ግቢና ደረጃ ሥር ውሻ ማሰርን የሚመለከት ነገር በደንቡ ካለ ጉዳዩ እዚያው ሊያልቅ ይችላል።

የትኛው በር ይንኳኳ

ቀጣዩ ወረዳው ነው፤ የሰላምና ጸጥታ ጽሕፈት ቤቱና የማኅበረሰብ ፖሊሱ ሁለቱን ወገን ጠርተው ያነጋግራሉ። ወደዚያ ስትሄዱ ግን የማን አስተዳደር ሥር እንደሆናችሁ አረጋግጡ። ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎና ገላን ዛሬ በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተው ሸገር ከተማ ሥር ናቸው፤ በ2014 ዓ.ም. ወሰኑ እንደገና ሲሰመር አስተዳደራቸው የተለወጠ ቦታዎችም አሉ። ወሳኙ የተከሳሹ ቤት ያለበት ቦታ ነው፣ እናንተ መታወቂያ ያወጣችሁበት ወረዳ አይደለም። ከአጥር በዚህኛው በኩል አዲስ አበባ፣ በዚያኛው ሸገር ሊሆን ይችላል። ፍትሐ ብሔሩና የወንጀል ሕጉ በሁለቱም በኩል አንድ ናቸው፤ የሚለየው ፍርድ ቤቱና ቋንቋው ነው። በሸገር በኩል ክሱ የሚቀርበው ለኦሮሚያ ፍርድ ቤት፣ በአፋን ኦሮሞ ነው፤ ደብተሩን አስተርጉማችሁ ሂዱ። በአዲስ አበባ በኩል ሁከቱ ይቁምልኝ የሚለው የፍትሐ ብሔር ክስ ለፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት፣ የደንብ መተላለፉ ደግሞ ለከተማው ፍርድ ቤት ነው። የከተማው ቻርተር፣ አዋጅ ቁጥር 361/1995፣ የደንብ መተላለፍን ለከተማው ፍርድ ቤቶች ስለሰጠ ማለት ነው።

ማንን ነው የምትከሱት? ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ የሚያበላውንና የሚያስከትበውን ፈልጉ። ጅምር ቤት ላይ የጥበቃ ሠራተኛው ያሰረው ውሻ ከሆነ ዘበኛውን ከስሶ ምንም አይገኝም፤ ቤቱን የሚያሠራው ሰው ነው ተከሳሹ። እርሱ ውጭ አገር ካለ ወኪሉን ፈልጉ። ባለቤት የሌለው የመንገድ ውሻ ከሆነ 1225 አይረዳም፤ የወረዳው ከተማ ግብርናና ጤና ጽሕፈት ቤቶች ጉዳይ ነው።

ክሱ ላይ «ውሻው ይወገድ» ብላችሁ አትጠይቁ። ዳኛው ከተጠየቀው በላይ መስጠት አይችልም፤ የተጠየቀው ከመጠን ካለፈ ደግሞ ሁሉም ውድቅ ሊሆን ይችላል። በቁጥር 2121 መሠረት ድርጊቱ እንዲቆምና እንዳይደገም የሚያዝ ትእዛዝ ጠይቁ፤ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ርቀቱን ጠቅሳችሁ። አማራጭ ጥያቄም አስገቡ፦ ይህ ካልሆነ ውሻው ሌሊት በተዘጋ ቤት ይደር። ጉዳዩ እስኪወሰን የጊዜያዊ ማገጃ ትእዛዝ ማመልከት ይቻላል፣ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 154። ገንዘብ ላይ ብዙ ተስፋ አታድርጉ። የሕሊና ጉዳት ካሳ በቁጥር 2116 ከ1,000 ብር አይበልጥም፤ የሐኪም ወረቀት ያለው የጤና ጉዳት ካለ ግን ለብቻው ይታያል። ፍርድ ቤቱ ወደ አስማሚ ሊመራችሁ ይችላል። እምቢ አትበሉ፤ እዚያ የተደረሰ ስምምነት በሌሊት ጩኸት ጉዳይ ከፍርድ የተሻለ ዝርዝር ሊኖረው ይችላል።

መርዝ ለማስቀመጥ የሚያስብ ሰው ይህን ይወቅ። የጎረቤት ውሻ መግደል የሰው ንብረት ማውደም ነው፤ በወንጀልም በካሳም ያስጠይቃል። እስከዚያ ድረስ የጻፈው ደብተር ሁሉ «ለመግደል ምክንያት ነበረው» ተብሎ በራሱ ላይ የሚቀርብ ማስረጃ ይሆናል። የተመረዘ ሥጋ በሕፃን እጅም ይገባል። ድንጋይ መወርወርም ውሻውን አጥሩን እንዲጠላ እንጂ ዝም እንዲል አያደርገውም። «እገድለዋለሁ» የሚል የስልክ መልእክት ደግሞ ፍርድ ቤት ውስጥ ከሁሉ በፊት የሚነበበው ወረቀት ይሆናል።

ውሻው ከነከሰ የጩኸቱን ጉዳይ ለጊዜው ተዉት። ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡ፣ ያን ዕለት ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ ውሻው እንዳይገደል፣ ታስሮ 10 ቀን ይታይ። የክትባቱን ወረቀትና የሕክምናውን ደረሰኝ ያዙ፤ በቁጥር 2071 የሚጠየቀው ካሳ የሚሰላው በእነርሱ ነው።

ትእዛዙ ከወጣ በኋላም ደብተሩን አትዝጉት። ተከሳሹ ሳይፈጽም ከቀረ የአፈጻጸም መዝገብ የሚከፈተው በአዲስ ማመልከቻ ነው፤ ያን ጊዜ የሚጠየቀው ትእዛዙ በስንተኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት ተጣሰ የሚለው ነው። ትእዛዙ ለተከሳሹ የደረሰበትን ቀን ከላይ ጻፉ፣ ከሥሩ እንደ መጀመሪያው 14 ሌሊት ቀጥሉ፣ ዝም ያለበትንም ሌሊት ጨምሩ።